ዳርን ይዞ መሄድ የእምነት ማነስ ነውን?

በአዊ ምድር፣ አዘና ላይ ሆኖ ስለ ባሕር ጉዞ መከራከር ቦታውን የሳተ ነገር ሊመስል ይችላል። አዊ የፈረስ አገር ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን እንጅባራ ላይ የሚወጣው የፈረሰኞች ትርኢት ይህን ይመሰክራል። ዘንገና በጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ጥልቅ ሐይቅ ነው፤ ዐይን ያርፍበታል እንጂ ሰው ተሳፍሮ የትም አይደርስበትም። ነገር ግን ከዳንግላ በኩል የሚወርደው ውሃ በግልገል አባይ አድርጎ ጣና ይገባል፤ ጣና ላይ ደግሞ ሰው ከጥንት ጀምሮ በታንኳ ይሄዳል። ከዚያም አልፎ የደጋ ልጅ በብዛት ጀልባ የሚሳፈርበት ውሃ በዚህ ዘመን ቀይ ባሕርና የኤደን ባሕረ ሰላጤ ሆኗል። ስለዚህ ጥያቄው ለደገኛም ሩቅ አይደለም፦ ቀን ቀን ብቻ፣ ዳር ዳሩን፣ ነፋስ እየጠበቀ የሚጓዝ ባሕረኛ በፈጣሪው ላይ ያለው እምነት ጎደሎ ነው ማለት ነው? ብዙ ሰው አፍ አውጥቶ ባይለውም በልቡ «አዎ» የሚል ይመስለኛል። የሚያምን አይፈራም፣ የማይፈራም አያመነታም የሚለው ስሜት በውስጣችን ሥር የሰደደ ነው። እኔ የምለው ተቃራኒውን ነው። ሰማዩን መርምሮ መነሣት፣ ጀልባው የማይችለውን አለመጫን፣ ሳይመሽ መልሕቅ መጣል የእምነት ተቀናቃኝ አይደሉም፤ እምነት ከቃል ወደ ሥራ ሲወርድ የሚይዘው መልክ ናቸው። ይህን የሚክድ ሰው በመንፈሳዊነት የላቀ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ የስህተቱ ዋጋ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚከፈለው በሌላ ሰው ሕይወት ነው።

በመጀመሪያ ሥራውን እንየው። የጣና ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። ደንገል ደረቅ ሳለ ይቀላል፣ ይንሳፈፋል፤ ውሃ ላይ ሲቆይ ግን እየመጠጠ ይከብዳል፣ ጎኑም እየሰጠመ ከሐይቁ ጋር ይተካከላል። የታንኳን ሥራ እስከ ዛሬ ያቆዩት ነገደ ወይጦዎች ከጉዞ ሲመለሱ ታንኳቸውን ከውሃ አውጥተው ፀሐይ ላይ የሚያደርቁት ለዚህ ነው፤ እንዲያም ተደርጎ ዕድሜው በወራት ይቆጠራል እንጂ ዓመታትን አይዘልቅም። ከዘጌ እንጨት ጭኖ ወደ ባሕር ዳር ገበያ የሚቀዝፍ ሰው ወደ ሐይቁ መሐል የማይገባው ልቡ ስለ ፈራ ብቻ አይደለም። ታንኳው ውሃ ላይ የሚቆይበት ጊዜ የተወሰነ መሆኑን፣ ማለዳ ጸጥ ያለው ሐይቅ ቀኑ ሲገፋ በነፋስ እንደሚነሣሣ ያውቃል። 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ሐይቅ ላይ ይህን አለማወቅ ድፍረት አይባልም። ቀይ ባሕር ላይም ነገሩ ያው ነው። የምፅዋና የዳህላክ ዳርቻ ከውሃው ወለል ጥቂት ዝቅ ብሎ በሚቀመጥ የኮራል ድንጋይ የተሞላ ነው። ኮራሉ የሚለየው ፀሐይ ከፍ ብላ ከባሕረኛው ጀርባ ስትሆን ነው፤ ያን ጊዜ ውሃው እንደ ጥልቀቱ ቀለሙን ይለዋውጣል፣ ከፊት የተቀመጠ ሰውም ጥልቁንና ጥልቅ ያልሆነውን ለይቶ ለመሪው ይጮኻል። ፀሐይ ዝቅ ብላ ፊት ለፊት ከመጣች ግን የሚታየው ብልጭታ ብቻ ነው። ሳምቡክ በሚባለው የሸራ ጀልባ የሚሄዱ ባሕረኞች ማለዳ ተነሥተው ሳይመሽ መልሕቅ የመጣልን ልማድ የያዙት ከዚህ የተነሣ ነው። ዛሬ በሸራ ጀልባ በመዝናናት አገር ለአገር የሚዞሩ ሰዎችም፣ ጂፒኤስ በእጃቸው ይዘው እንኳ፣ ኮራል ባለበት ዳርቻ ይህንኑ ሥርዓት ይከተላሉ። በ1ኛው ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር የጉዞ መምሪያ ከግብፅ ወደ አክሱም ወደብ ወደ አዱሊስ የሚነሣ ነጋዴ በመስከረም ቢነሣ እንደሚሻለው ወር ጠርቶ ይመክራል። ይህ ሁሉ የተከማቸ እውቀት ነው፤ ከፍሎ የተማረውም ብዙ ሰው ነው።

እዚህ ላይ ለፈረሰኛ አገር የሚስማማ አንድ ንጽጽር ልጠቀም። ፈረስ ልጓም አለው፤ ጋላቢው በልምድ ከገራው ወደ ፈለገበት ያዞረዋል፣ ሲፈልግም ያቆመዋል። ነፋስ ልጓም የለውም፤ ማንም አልገራውም። ባሕረኛው የሚያዝዘው የሸራውን አቅጣጫና መሪውን ብቻ ነው። ሸራ ያለው ጀልባ በቀጥታ ወደ ነፋሱ አፍ መሄድ አይችልም፤ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል መድረስ ከፈለገ ወደ ቀኝ ሰያፍ፣ ከዚያ ወደ ግራ ሰያፍ እያለ መጠማዘዝ አለበት። መንገዱ ይረዝማል፣ ግን ይደርሳል። ይህ ለፍልስፍናው ጥያቄ ምሳሌ ብቻ ሳይሆን ማስረጃም ነው የምለው፣ ሁለት የተለመዱ አስተሳሰቦችን ባንድ ጊዜ ስለሚያፈርስ ነው። አንዱ ሁሉም ነገር በእጄ ነው ይላል፤ ሸራ የያዘ ሰው ይህን ቢል ነፋሱ በጠፋ ሰዓት ይታዘበዋል። ሌላው ምንም ነገር በእጄ የለም ይላል፤ ይህም ሐሰት ነው፣ በአንድ ነፋስ ሁለት ጀልባ ወደ ተለያየ ወደብ ይሄዳልና። በባርነት ተወልዶ ፈላስፋ የሆነው ኤፒክቴተስ ይህንኑ ሲያስተምር የባሕር ጉዞን ጠቅሶ ነበር፤ ተጓዥ መሪውን፣ መርከበኞቹን፣ ቀኑንና ሰዓቱን ሊመርጥ ይችላል፣ ከዚያ በኋላ ማዕበል ቢነሣ ጉዳዩ የእሱ አይደለም ባይ ነው። የመጀመሪያውን ግማሽ እቀበላለሁ። ሁለተኛው ለእኔ ይቀዘቅዝብኛል፤ ማዕበሉ ከተነሣ በኋላም ብዙ ሥራ አለ። እነዚያ አራት ምርጫዎች ያልተሰጡት ተሳፋሪስ ምን ይበል? ወደዚህ ኋላ እመጣበታለሁ።

ለክርክሬ ከሁሉ የሚከብደው ማስረጃ የሐዋርያት ሥራ 27ኛ ምዕራፍ ነው። ባሕረኛ የጻፈው እስኪመስል በዝርዝር የተሞላ ምዕራፍ ነው፤ በስብከት ላይ ግን መጨረሻው ብቻ እየተነሣ መሐሉ የሚታለፍ ይመስለኛል። ጳውሎስ እስረኛ ሆኖ ወደ ሮም ሲወሰድ መርከቡ በመጀመሪያ የእስያን ዳርቻ ይዞ ሄደ። ቀርጤስ ደርሰው መልካም ወደብ በሚባለው ስፍራ ሲቆሙ የጾሙ ወራት አልፎ፣ ባሕሩ የሚያሰጋበት ወቅት ገብቶ ነበር። ጳውሎስ ጉዞው በመርከቡም በነፍስም ላይ ጉዳት እንደሚያመጣ አስጠነቀቀ። ይህን ያለው በራእይ ታዝዞ እንደ ሆነ መጽሐፉ አይናገርም፤ ወቅቱን አይቶ የመከረ ነው የሚመስለው። የመቶ አለቃው ግን ከእስረኛው ይልቅ የመርከቡን መሪና ባለቤቱን ሰማ፤ አብዛኛውም ሰው ወደቡ ለመክረም አይመችም ብሎ ተስማማ። ለስላሳ የደቡብ ነፋስ በነፈሰ ጊዜ ሐሳባቸው የሰመረ መሰላቸው፤ ዳሩን ተጠግተውም ሄዱ። ብዙም ሳይቆይ አውራቂስ የተባለው ዐውሎ ነፋስ ከደሴቲቱ ወረደባቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው ዋናው። መርከቡን በገመድ አስታጠቁት፣ ጭነቱን ጣሉ፣ ፀሐይም ከዋክብትም ሳይታዩ ቀናት አለፉ። በዚህ መሐል መልአክ ለጳውሎስ ተገልጦ ከመርከቡ በቀር አንዲት ነፍስ እንኳ እንደማትጠፋ ነገረው። ከዚህ የበለጠ ዋስትና ሊኖር አይችልም፤ «እግዚአብሔር ያውቃል ብሎ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ» የሚፈቀድበት ሰዓት ቢኖር ይህ ነበር። በ14ኛው ሌሊት ግን መርከበኞቹ የብስ የቀረበ መስሏቸው ገመድ ጥለው ጥልቀቱን ለኩ፣ ጥቂት ቆይተው እንደ ገና ለኩ፣ ከድንጋይ እንዳይጋጩ ፈርተውም ከኋላ አራት መልሕቅ ጣሉ። ቀጥሎ ከፊት በኩል መልሕቅ የሚጥሉ አስመስለው ትንሿን ጀልባ አውርደው ሊያመልጡ ሞከሩ። ጳውሎስ ያን ጊዜ ለመቶ አለቃውና ለወታደሮቹ ባሕረኞቹ መርከቡ ውስጥ ካልቀሩ ልትድኑ አትችሉም አላቸው፤ ወታደሮቹም የጀልባዋን ገመድ ቆርጠው ለቀቋት። ይህን ዐረፍተ ነገር ከመልአኩ ተስፋ አጠገብ አስቀምጦ ማንበብ ያስፈልጋል። ተስፋው ተሰጥቷል፣ ሁሉም ይድናሉ ተብሏል፤ ሆኖም መርከብ መንዳት የሚያውቁ ሰዎች ከሄዱ መዳን የለም። ጳውሎስ ሁለቱን እንደ ተቃራኒ አላያቸውም። የእግዚአብሔር ተስፋ የሚፈጸመው በእነዚያ ከድተው ሊሸሹ በነበሩ ሰዎች እጅ መሆኑን አይቷል። ከዚያ ሰዎቹ ኃይል እንዲያገኙ እህል እንዲቀምሱ መከረ፤ የቀረውን ስንዴ ወደ ባሕር ጣሉ፤ መርከቡ ተሰብሮ 276ቱም ሰዎች ዋና የሚችለው እየዋኘ፣ የማይችለው በሳንቃና በስባሪ ላይ ሆኖ ወደ መላጥያ ምድር ወጡ። ተአምር ነው ካልን፣ ሳንቃም መዋኘትም ያለበት ተአምር ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ ከገድላት ይመጣል። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ ባሕሩን በልብሳቸው ላይ ሆነው እንደ ተሻገሩ ገድላቸው ይተርካል፤ ጴጥሮስም በውሃ ላይ ሄዷል። እነዚህ ጀልባ አልመረመሩም፣ ነፋስም አልጠበቁም፤ እምነት ሲሞላ ጥንቃቄ ይቀራል ማለት አይደለም ወይ? ተአምሩን መካድ አያስፈልገኝም። የምለው ተአምር የተጠራ ሰው ታሪክ እንጂ የመንገድ ሕግ አይደለም ነው። ጴጥሮስ ከጀልባው የወረደው ና ተብሎ ነው፤ ያልተጠራ ሰው በጴጥሮስ ፈለግ ከጀልባ ቢወርድ የሚያገኘው ውሃ ነው። ክርስቶስ ራሱ ከመቅደሱ ጫፍ ተወርወር፣ መላእክት ይይዙሃል በተባለ ጊዜ የመለሰው ጌታን መፈተን አይገባም የሚል ነበር። መላእክቱ እንደሚይዙት ሳያምን ቀርቶ አይደለም። ተስፋን በማስገደጃነት መጠቀም እምነት ስላልሆነ ነው። የማዕበሉ ታሪክም እንዲሁ ነው፤ ጌታ ደቀ መዛሙርቱን ስለ ፍርሃታቸው ገሠጻቸው፣ ስለ መቅዘፋቸው ግን ወንጌሉ አንድም የወቀሳ ቃል የለውም። በእስልምናም ተመሳሳይ ትምህርት አለ፤ ግመሌን አስሬ በአላህ ልመካ ወይስ ፈትቼ ልመካ ብሎ የጠየቀውን ሰው ነቢዩ ሙሐመድ እሰርና ተመካ እንዳሉት ሐዲስ ይናገራል። በ615 ወደ ሐበሻ የተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሙስሊሞችም ባሕሩ ይከፈልልናል ብለው ዳር ላይ አልቆሙም፤ ሹዐይባ በተባለው ወደብ ሁለት የነጋዴ መርከብ አግኝተው ተሳፈሩ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከቤታችን የሚወጣ ነው፦ ቀኑ ካልደረሰ ማንም አይሞትም፣ ቀኑ ከደረሰ ደግሞ ጥንቃቄ አያድንም፤ ታዲያ ነፋስ መጠበቁ ምን ይፈይዳል? ይህ አባባል ለቀስተኛን ለማጽናናት ሲነገር ርኅራኄ አለው፣ አልነቅፈውም። ለመንገደኛ ምክር ሆኖ ሲነገር ግን ራሱን ያፈርሳል። ቀኑ ካልደረሰ አይሞትም የሚል ገበሬ ዘሩን በሰዓቱ ይዘራል፣ ለበጉ በረት ይሠራል፣ ልጁ ስትታመም ወደ ጤና ጣቢያ ይወስዳታል። በሌላው ኑሮው ሁሉ ፍጻሜው የሚመጣው በመንገዱ በኩል መሆኑን ያምናል ማለት ነው፤ የባሕር ጉዞ ላይ ሲደርስ ብቻ መንገዱን የሚሰርዝበት ምክንያት የለውም። የሞት ቀን ተወስኖ ከሆነም፣ በምን በኩል እንደሚወሰን አናውቅም፤ ሳይመሽ የተጣለች መልሕቅ የዚያ ውሳኔ ክፍል ልትሆን ትችላለች። የዮናስ መርከበኞች እያንዳንዳቸው ወደ አምላካቸው እየጮኹ ዕቃውን ወደ ባሕር ይጥሉ ነበር፤ ዮናስ ጣሉኝ ካላቸው በኋላ እንኳ ወደ የብስ ለመመለስ አጥብቀው ቀዝፈዋል። በዚያ መርከብ ላይ ተኝቶ የነበረው ነቢዩ ብቻ ነው፤ መጽሐፉም እንቅልፉን እንደ እምነት አላየለትም።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁለቱ ይልቅ ያሳስበኛል። ጥንቃቄን ያወደሰ ሰው ፍርሃትን ማወደሱ አይቀርም፤ ዳር ዳሩን የሚል ሕዝብ ባሕር ተሻግሮ አያውቅም የሚል ነው። እውነት አለው፤ ጥንቃቄ የሚሉት ነገር ብዙ ጊዜ ስንፍና የለበሰው ጋቢ ነው። ግን ክርክሩ የተሳሳተው ጥንቃቄን ከዳር ጋር አንድ ማድረጉ ላይ ነው። ዳር ሁልጊዜ ደኅና ቦታ አይደለም፤ እንዲያውም ለትልቅ መርከብ በማዕበል ጊዜ ከጥልቁ ይልቅ የሚያስፈራው የብሱ ነው፣ የጳውሎስ መርከበኞች ሌሊቱን የፈሩትም ይህንኑ ነበር። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ፍሬምናጦስና ወንድሙ የተሳፈሩበት መርከብ ጥፋት ያገኘው ከባሕሩ አይደለም፤ ስንቅና ውሃ ለመያዝ ወደብ በገባ ጊዜ የዳርቻው ሰዎች ተሳፋሪዎቹን ገደሏቸው፣ ሁለቱ ልጆች ብቻ ተርፈው ወደ አክሱም ቤተ መንግሥት ተወሰዱ፤ ፍሬምናጦስም ኋላ አባ ሰላማ ሆነ። ቀደም ብዬ የጠቀስኩት የኤርትራ ባሕር የጉዞ መምሪያም የአዱሊስ ነጋዴዎች ቀድሞ ለየብሱ ቅርብ በሆነች፣ በእግር በምትደረስ ደሴት አጠገብ መልሕቅ ይጥሉ እንደ ነበርና ከየብስ የሚመጣ ጥቃት ሲበዛ ወደ ባሕሩ ራቅ ወዳለች ደሴት እንደ ተዛወሩ ይነግረናል። የተጠነቀቁት ከዳር በመራቅ ነው። ዐፄ ካሌብ በ525 አካባቢ ባሕር ማዶ በደቡብ ዐረቢያ ወደነበረው ሂምየር በተሻገረ ጊዜ ደግሞ የአባ ጰንጠሌዎንን በረከት ጠይቋል፣ 70 ያህል መርከብም አሰልፏል። በረከቱ መርከቡን አልተካም፣ መርከቡም በረከቱን አላስቀረም፤ ባሕሩም ተሻግሯል። እንግዲህ ጥንቃቄ የምለው ያሉበትን ውሃ፣ የያዙትን ጀልባና የሚነፍሰውን ነፋስ ማወቅ ነው። ያ እውቀት አንዳንዴ ዳር ሂድ ይላል፣ አንዳንዴ ከዳር ሽሽ፣ አንዳንዴም ዛሬ ተሻገር።

የመጨረሻው ተቃውሞ የድሃው ነው፣ እሱም በቀላሉ አይመለስም። ነፋስ የሚጠብቅ ሰው የሚበላው ያለው ነው፤ እንጨቱን ዛሬ ካልሸጠ ማታ ልጆቹ ጦማቸውን የሚያድሩበት ቀዛፊ ማዕበል እያየ ይገባል። ከአማራ፣ ከትግራይ፣ ከኦሮሚያ ተነሥቶ በጅቡቲ ኦቦክ ወይም በሶማሊያ ቦሳሶ በኩል ወደ የመን የሚሻገረው ወጣትም ጀልባ አይመርጥም። የባብ ኤል መንደብ ወሽመጥ ጠባቡ ቦታ ላይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በጥሩ ቀን ለጥሩ ጀልባ የአንድ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም። ሰው የሚያልቀው ግን ደላላው ጀልባው ከሚችለው በላይ ስለሚጭን፣ የባሕር ጠባቂ ዐይን ለማምለጥ በጨለማ ስለሚያስነሣ፣ አንዳንዴም ዳር ሳይደርስ ውረዱ ብሎ ወደ ጥልቅ ውሃ ስለሚገፋቸው ነው። ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም. የመን አብያን ዳርቻ ላይ የሰጠመችው ጀልባ ከ150 በላይ ኢትዮጵያውያንን ጭና ነበር፤ ከ60 የሚበልጡት ሞቱ። የኤፒክቴተስን አራት ምርጫዎች እዚህ ላይ መልሶ ማየት ይገባል። መሪውን፣ መርከበኞቹን፣ ቀኑንና ሰዓቱን የመረጠው ደላላው ነው። ተሳፋሪውን ስላልተጠነቀቀ እወቅሰዋለሁ ብል ክርክሬ ግፍ ይሆናል፤ የጥንቃቄ ግዴታ ምርጫውን ከያዘው ሰው ጋር ነው የሚሄደው። የሐዋርያት ሥራም ይህን ይለያል፦ መልካም ወደብን ለቀው እንዲወጡ፣ አብዛኛው ሰው ቢስማማም፣ ዋናው ውሳኔ የመሪው፣ የባለመርከቡና የመቶ አለቃው ነበር፤ ከ276ቱ መሐል የነበረው እስረኛ ተናግሮ አልተሰማም።

ስለዚህ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» የሚለው ቃል ከማን አፍ እንደሚወጣ ማየት ያስፈልጋል። ልጇ የሰጠመባት እናት ስትለው የምትይዘው ሌላ ነገር ስለሌላት ነው፣ ማንም ሊነጥቃት አይገባም። ደላላው ሲለው ግን ቃሉ ሌላ ሥራ ይሠራል፤ ለ50 ሰው በተሠራ ጀልባ 150 የጫነው እጅ እንዳይታይ ይሸፍናል፣ የሰውን ሒሳብ በፈጣሪ ስም ይመዘግባል። እዚህ ላይ ዝም የሚል ሃይማኖተኛ ለእግዚአብሔር ክብር የቆመ መስሎት ለደላላው ጥብቅና ይቆማል። አንድ ወጣት ከመሄዱ በፊት ለቡራኬ ወደ ንስሐ አባቱ ወይም ለዱዓ ወደ ሼሁ መምጣቱ የተለመደ ነው፤ ዘመዱም በሬ ሸጦ ወይም ተበድሮ ገንዘቡን ይሞላለታል። ጸሎት የሚጠየቀው አባት በየት በኩል ነው የምትሻገረው፣ ጀልባዋ ስንት ሰው ትይዛለች፣ የሚነዳትስ ማነው፣ የምትነሣው በቀን ነው በሌሊት ብሎ ቢጠይቅ ከመንፈሳዊ ሥራው ወጣ አይባልም፤ ጳውሎስ መልካም ወደብ ላይ ያደረገው ይህንኑ ነው። ገንዘቡን የሚሰጠው አጎትም ብሩን ከመቁጠሩ በፊት እነዚህኑ ጥያቄዎች ለደላላው ሊያቀርብ ይችላል፤ ደላላው መልስ እንደማይሰጥ ደግሞ ከወዲሁ መገመት አያስቸግርም።